ለባሮ ሽንኩርቱ ትል የተላከው ዱቄት

ሚያዝያ 27

ለውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እዚህ ቤት ያለን በሙሉ፣ ከእማዬ ወገብና ከአባባ ኩርፊያ በቀር፣ በጎ ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። አንተንም ከክፉ ይጠብቅህ፣ ከሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ። ይህን ያለችው እማዬ ናት። እኔ ገና እስክሪብቶ ሳላነሳ «ጻፊ፣ ጻፊ» እያለች አጠገቤ ተቀምጣለች።

የምጽፍልህ ስለ ባሮ ሽንኩርቱ ነው። አትሳቅ። ባለፈው ዓመት የሆነውን አልነገርንህም፤ እማዬ «ሰው አገር ያለን ልጅ በሽንኩርት አትረብሺው» ብላ ከልክላኝ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድም አልተረፈላትም። ከችግኝ መደብ ነቅላ ወደ ዋናው መደብ ባዛወረች በጥቂት ሳምንት ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይጋደም ጀመር። ስትነቅለው ሥር የሚባል ነገር የለውም፤ ነጩ ክፍል ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ትል ይርመሰመሳል። መጀመሪያ አንዱን ረድፍ በላው፣ ቀጥሎ ሁሉንም። እማዬ በባልዲ እየሰበሰበች አቃጠለችው። ሰፈርተኛው «ዘንድሮ ባሮሽ የት ገባ?» ሲላት «አረጀሁ» ትላለች እንጂ ትል በላው አትልም። ምኑ እንደሚያሳፍራት እንጃ።

አሁን ጣጣው ምን መሰለህ፣ አባባ ጓሮውን ጭቃ ማቡኪያ እንዲያደርገው ለሰፈራችን ጡብ ሠሪ ሊሰጡት ነው። «ትል ለመቀለብ ወገብሽን አትቁረጪ» አሏት። እማዬ ደግሞ «ዘንድሮን ብቻ ልሞክር፤ ዘንድሮም ከበላው እኔው ራሴ ቁልፉን አስረክበዋለሁ» ብላ ለመነቻቸው። እማዬ ስትለምን አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር። አንጀቴን በላችኝ። ዘሩን በሁለት የችግኝ መደብ ዘርታዋለች፤ አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላው ዘግይቶ። የመጀመሪያው አሁን ከክር ትንሽ ወፈር ብሏል፤ እርሳስ ሲያክል ይዛወራል።

እንግዲህ አንተ የምትውለው እነዚያ ማለቂያ የላቸውም የምትላቸው የላስቲክ ቤቶች ውስጥ አይደል? ከአትክልት ጋር ውለህ እያደርክ ስለዚህ ትል አንድ ነገር ሳታውቅ አትቀርም። ልብስ አንፈልግም፣ ጫማም ይቅር። ለትሉ የሚሆን ነገር ካለ ግን ቶሎ ላክልን።

እማዬ ግንባርህን ስማሃለች። አባባም አኩርፈው ነው እንጂ ሰላም ብለውሃል።

እህትህ


ግንቦት 20

ለተከበርሽው እትዬ፣

ከአክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔ የሚጎድለኝ የለም። የእማዬን ምርቃት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አሜን ብያለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የትሉ ጉዳይ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ነገር ከቁም ነገር አንቆጥረውም። ትሉ የሚመጣው ከዝንብ ነው። ዝንቧ ባሮው አፈር የሚነካበት ቦታ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ከዚያ የተፈለፈለው ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ማቃጠሉ ዋጋ የለውም፤ መከላከል ነው የሚያዋጣው። ይህን ለአባባም አስረጂልኝ።

ወደ እናንተ በሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር እጅ ነጭ ቆርቆሮ ልኬላችኋለሁ። ውስጡ ያለው ዱቄት እዚህ የምንሠራበት ነው። ልብ ብለሽ አንብቢ፣ ለእማዬም አንብቢላት። በራሱ ክዳን ሁለት ክዳን ሰፍራችሁ በአንድ ባልዲ ውሃ በጥብጡት። ችግኙ ሲነቀል እንደ ወትሮው ሥሩና የቅጠሉ ጫፍ ይቆረጥ፤ ከዚያ በእስር በእስር አድርጋችሁ እስከ ወገቡ ንከሩት። ነጩ ክፍል በሙሉ መግባት አለበት። ቁርስ በልታችሁ እስክትጨርሱ ይቆይ። ስታወጡት እንዳታጥቡት፣ ኃይሉ ይሄዳል፤ እንደ ረጠበ ይተከል። ጉድጓዱ ላይ አፈር አትመልሱበት፣ ውሃ ብቻ ይፍሰስበት፤ ግን ይሄን ለእማዬ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

መድኃኒቱ ኃይለኛ ስለሆነ ጓንት አብሬ ልኬያለሁ። እማዬ በባዶ እጇ እንዳትነካው፤ እምቢ ካለች እኔ ነኝ ያልኩት በያት። ሲያልቅ ሁላችሁም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቆርቆሮውንም ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ስቀሉት።

አባባ ጡብ ሠሪውን ይመልሱት። ዘንድሮ አንድ ባሮ አይወድቅም፣ ቃሌ ነው። እኔ እኮ ከእማዬ ኋላ በጣሳ ውሃ እያፈሰስኩ ነው ያደግኩት፤ በባሮ ጉዳይ ማንም አያስተምረኝም።

ውጤቱን በዝርዝር ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ


ሰኔ 14

ለሊቁ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ሹፌሩ ዕቃውን ሳያጎድል አስረክቦናል፣ ይባረክ።

ስለ ደብዳቤህ አንድ ነገር ልበል። ለአባባ ሳነብላቸው «ይሄ ልጅ የጻፈው ደብዳቤ ነው አዋጅ?» አሉ። «በመጀመሪያ ደረጃ» የምትለዋ ነገር አሁን የቤቱ መቀለጃ ሆናለች። ውሃ ሲጠማቸው «በመጀመሪያ ደረጃ፣ ውሃ» ይላሉ። ኩርፊያውን ስላስረሳሃቸው እኔ በበኩሌ አመሰግናለሁ።

ተከላው እንዳዘዝከው ሆኗል። በገዛ እጄ ነው የበጠበጥኩት፤ ሁለት ክዳን፣ አንድ ባልዲ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እስሩን እስከ ወገቡ ነክረን ቁርሳችንን በላን፣ ሳናጥብም አወጣነው። እማዬ ጓንቱንም አድርጋለች። አባባ «ቀዶ ጥገና ልትገቢ ነው?» ብለው ሲስቁባት ልታወልቀው ቃጥቷት ነበር፤ «ልጅሽ ከዚያ ሁሉ አገር የላከው ነው» ብዬ አስተውኳት።

ከዚያ በኋላማ ታውቃት የለ። እስሩን በጥርሷ ነከሰች፣ በአንድ እጇ ሹሉን እንጨት ያዘች፣ በሌላው ጉልበቷን ተደገፈች፤ ጎንበስ እንዳለች አለቀ። ቀዳዳ ትከፍታለች፣ ከአፏ አንዱን መዝዛ ትጥልበታለች፣ እኔ ከኋላ ውሃ አፈስሳለሁ። ረድፉን ሳታጋምስ ቀና ብላ «ይሄ ነገር ይመርራል» አለች። «ታዲያ ትፊው» አልኳት። ምራቋን ጢቅ አድርጋ ቀጠለች። ምራቄ ችግኙን ያለመልመዋል እያለች ማን ያስተዋታል? የሰፈሩን ሴት ሁሉ እንዲሁ ነው ያስለመደችው።

ከሰዓት ግን አመማት። ሆዷን ቆረጣት፣ አስመለሳት፣ ላብ በላብ ሆነች። ምራቋ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ መሐረብ እየቀያየርኩ አልቻልኩም። አባባ «የማታው ጎመን ነው» አሉ። እውነትም ጎመኑ ትንሽ ጠረን ነበረው፤ ግን እኛም በልተነዋል። በማግስቱ ሲሻላት ተነስታ የቀረውን ረድፍ ጨረሰች፣ እንደገና አመማትና ሁለት ሦስት ቀን ተኛች። አሁን ደህና ናት። ድካሙ ብቻ አልለቀቃትም። ትናንት ክር በመርፌ ልታስገባ ስትሞክር እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ቀበል አደረግኳት። «ዓይኔ ጨለመብኝ» ትላለች። መቼስ ዕድሜ ነው።

ባሮው ግን ቆሟል። ቀጥ ብሎ፣ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ እየወሰደው። አንድም ቢጫ የለም። እማዬ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሄዳ ታየዋለች። ሁለተኛው ችግኝ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይደርሳል፣ የቀረው ዱቄት ይበቃዋል።

እጅህ ይባረክ ብላሃለች። እኔም አንተን ማመስገን ባይቀናኝም፣ ዘንድሮስ አመስግኛለሁ።

እህትህ


ሐምሌ 3

እትዬ፣

ሰላምታውን ዝለይልኝ። ይህን ወረቀት ይዘሽ ከቆምሽበት ሳትንቀሳቀሺ ስሚኝ። ዱቄቱን ከእማዬ አርቂ። ሁለተኛው ችግኝ መደቡ ላይ ይድረቅ፣ እንዳትተክሉት። እማዬን አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ቆርቆሮውንም በላስቲክ ጠቅልለሽ ይዘሽ ሂጂና ለነርሷ አሳያት። ለዚህ የሚሰጥ መርፌ አለ። ተሽሏታል ብለሽ እንዳትተዪው።

ጎመኑ አይደለም። ዕድሜም አይደለም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ተለጥፏል። ሰውየው ሆዱን ይዞ ተቀምጧል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ከአፉ ምራቅ ይወርዳል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል። አጠገቡ ቆርቆሮ ተስሏል፤ ነጭ ቆርቆሮ። ከመጣሁ ጀምሮ በየጠዋቱ እሱ ሥር ተቀምጬ ነው ጫማዬን የማስረው። «ምራቋ ዝም ብሎ ይወርዳል» የሚለው ጋ ስደርስ ቀና አልኩና አየሁት። ካቦው ምን ሆንክ አለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጠኝ አልኩት።

እትዬ፣ ስለ እጇ አሰብኩ። ጓንት የሚሆናት ልኩ የቱ ነው ብዬ ሱቅ ውስጥ የራሴን እጅ ስለካ ቆይቻለሁ። ስለ አፏ ግን አላሰብኩም። እንዴት እንዳላሰብኩ አላውቅም። እንዳታጥቡት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ነጩ ክፍል በሙሉ ይግባ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ጥርሷ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ነው።

ወደ ፖስታ ቤቱ ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ሹፌሩ ትናንት ወጥቷል፣ ለጥቂት ነው ያመለጠኝ። ስለዚህ ይህን በፖስታ እልካለሁ፤ ፈጥኖ እንዲደርስ የተጠየቅኩትን ሁሉ ከፍያለሁ።

አንድ ልለምንሽ። ለአባባ አትንገሪ። እኔ ራሴ በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ፤ ጊዜ ስጪኝ። አንቺ ብቻ እማዬን ጤና ጣቢያ አድርሻት።

ወንድምሽ


ሐምሌ 4

ለውድ ወንድሜ፣

በያለህበት ሰላም ዋል። እዚህ ዝናቡ ጠንክሯል፤ የፖስታ ቤቱን የስልክ ምሰሶ ጥሎታል አሉ። ከዚያ በቀር ቤቱ ደስታ በደስታ ነው። ዛሬ እማዬ ራሷ ልናገር ስላለች እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦

«ልጄ፣ እናትህ ነኝ። ደህና ነኝ፣ እህትህ አመማት ብላ ጽፋልህ ከሆነ አትስማት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ማካበድ ትወዳለች። ባሮው ቆሟል። አባትህ ጡብ ሠሪውን መልሰውታል። እሱም አጥሩ ጋ ቆሞ አይቶ፣ ይሄንንስ መንካት ነውር ነው ብሎ ሄደ። አምና ስነቅለው ሰው እንዳያየኝ በማለዳ ነበር የምነቅለው። ዘንድሮ ሰው እንዲያየኝ ረፋድ ላይ ነው የምኮተኩተው። ይሄን ያደረግክልኝ አንተ ነህ። እንጀራህ ይስፋ፣ ጠላትህ ይውደቅ፣ ዓይንህን በዓይኔ ለማየት ያብቃኝ። ምግብ በደንብ ብላ።»

እኔ ነኝ እንግዲህ። ማካበድ ትወዳለች ያለችውን ሳልቀንስ መጻፌን ልብ በልልኝ።

ባሮውን የሰፈሩ ሰው እንደ ሙሽራ እየመጣ ያየዋል። የልብስ ሰፊው ሚስት ዘር ከእማዬ ወስዳ ዘርታ ስለነበር «ያን ዱቄት እባክሽ» ብላ ለመነቻት፣ እማዬም ከተረፈኝ እሰጥሻለሁ ብላ ቃል ገባችላት። ስለዚህ አሁን የምንፈልገው ሌላ ቆርቆሮ ነው፣ ከቻልክ ሁለት። ሰኞ ሁለተኛውን ችግኝ ማዛወር እንጀምራለን። ዝናቡ ኃይሉን እንዳያጥበው አንድ ክዳን እንድጨምርበት እማዬ አዛኛለች። አይጎዳም መቼም?

እህትህ


ሐምሌ 23

እትዬ፣

የሐምሌ 4ቱ ደብዳቤሽ አሁን ደረሰኝ። የእኔስ ደርሶሻል? ሐምሌ 3 የጻፍኩት። ደርሶሽ እንደሆነ አንድ ቃል ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ደርሶኛል በይኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

ሰኞ ያልሽው ሰኞ አልፏል። ዝናቡ ጠንክሮ መደቡን አጥለቅልቆት ይሆናል፣ እማዬ ወገቧ ተነስቶባት ይሆናል፣ ሌላ ነገር ሆኖ ቀርቶ ይሆናል እያልኩ እውላለሁ። በሕይወቴ የእማዬ ወገብ እንዲያማት የተመኘሁት ዘንድሮ ነው።

ክዳን መጨመሩ ይጎዳል። ዱቄቱ ራሱ ይጎዳል። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቤ ያስረዳኋችሁ መስሎሻል። እትዬ፣ የሰው አገር ቋንቋ ነው፤ ግማሹን ነው ማንበብ የምችለው። ክዳኑንና ባልዲውን አነበብኩ፤ በቀይ የተጻፈውን አልቻልኩትም፣ ማንንም አልጠየቅኩም። እዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቅ ነው የሚመስለው፣ መጠየቅ ማነስ ይመስለኛል።

ሥራ ቦታ ውዬ ስመለስ ፖስታ ሳጥኑን ከፍቼ አየዋለሁ። እባክሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 20

ወንድሜ፣

ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥህ። ይህን ደብዳቤ የምታነበው ብቻህን እንዳይሆን ብዬ ነበር፤ ግን እዚያ ማን እንዳለህ አላውቅም። ከጓደኞችህ አንዱን ጠርተህ አጠገብህ አስቀምጠው።

እማዬ የለችም። ሁለተኛውን ችግኝ ማዛወር በጀመርን ማግስት ነው ያረፈችው። ቶሎ ያልጻፍኩልህ ጨክኜብህ አይደለም፤ ወረቀቱን ዘርግቼ «ለውድ ወንድሜ» ካልኩ በኋላ መልሼ እያጠፍኩት ነው።

የሆነውን ሁሉ እነግርሃለሁ፣ ምንም አላስቀርም። ሰኞ ጠዋት ሦስት ክዳን አድርጌ በጠበጥኩ። እስሩን በጥርሷ ይዛ ገባች። እየመረራትም ምንም አላለችም፤ አጥሩ ላይ ሰው ቆሞ ያያት ስለነበር ደስ ብሏት ፈጠን ፈጠን ትል ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ጋ ስትደርስ በጉልበቷ ወደቀች። እንቅፋት መስሎኝ «ምን ሆንሽ አንቺ ሴትዮ» ብዬ ሳቅሁ። ስቄያለሁ፣ ይህንንም እወቀው። ቀና ሳደርጋት መናገር አልቻለችም፣ አፏ በአረፋ ተሞልቷል፣ ሰውነቷ ሁሉ ይርገበገባል።

አባባና ጡብ ሠሪው በጋሪ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ነርሷ «ምን ጠጥታ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ። «ቤት ውስጥ መርዝነት ያለው ነገር አለ?» አለች። «ለትል የሚሆን ዱቄት አለ፣ ግን ጓንት አድርጋ ነው የሠራችው» አልኩ። ነርሷም ጓንት ካደረገች እሱ አይሆንም ብላ ለልብና ለደም ብዛት የሚሆነውን ሰጠቻት። እሷን አልወቅሳትም። የጠየቀችኝ እኔን ነው፣ የመለስኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት አባባ እጇን እንደያዙ አለፈች።

የሐምሌ 3ቱ ደብዳቤህ የደረሰኝ ለቀስተኛው ገና ቤቱን ሳይለቅ ነው። በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። አባባ ከውስጥ «ልጁ ነው? ምን ይላል?» አሉ። «ደህና ነው፣ ሰላም ብሏችኋል» አልኩና ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ለአባባ አትንገሪ ብለኸኝ የለ። ላንተ ብዬ ብቻም አይደለም፤ ያን ቀን ለመናገር አቅም አልነበረኝም።

ሰው ሲወጣ ቆርቆሮውን ልቀብረው ብፈልገው ከተሰቀለበት የለም። አባባን ጠየቅኳቸው። «ለልብስ ሰፊው ሚስት ሰጠኋት፤ እናትሽ ቃል ገብታላት ነበር፣ ቃሏ እንዳይታጠፍ» አሉኝ። ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ። ስደርስ ሴትዮዋ ጓሮዋ ውስጥ ጎንበስ ብላለች። እስሩ በጥርሷ ነው። እማዬ እንዳስተማረቻት።

ከአፏ ነጠቅኳት። ከንፈሯ ደማ። ባልዲውንም ደፋሁት። ባሏ መቀሱን እንደያዘ ወጣ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። «ሐዘን አናውጧታል» አለ አንዱ። ሴትዮዋ ግን ሐዘን አላለችም፤ «እናቷ የፈቀደችልኝን ልትከለክለኝ ነው፣ የኛ ባሮ ከእነሱ እንዳይበልጥ» አለች። መርዝ ነው ብላቸው፣ «ታዲያ የናንተን ባሮ ለምን አልገደለውም?» አሉኝ። ሌላ ውሃ ቀድተው ሊበጠብጡ ቆርቆሮውን መልሰው አነሱት። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ደብዳቤህን ከደረቴ አውጥቼ እዚያው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሥዕሉን፣ ምራቁን፣ ጓንቱን፣ ሁሉንም። «አንድ ልለምንሽ» የሚለው ጋ ስደርስ አጥሩ ጋ አባባን አየኋቸው፤ ለካ ተከትለውኝ መጥተው ኖሯል። ወረቀቱን አጠፍኩት። «አንብቢው» አሉ። አለቀ አልኳቸው። «አላለቀም፣ ወረቀቱ ላይ ገና አለ፣ አንብቢው» አሉኝ። አነበብኩት።

አባባ ቀድመውኝ ወደ ቤት ሄዱ። ቤት ከገባን በኋላ ነው፣ «ከኋላዋ ውሃ እያፈሰሰ ነው ያደገው» ያሉት። እኔን አልነበረም የሚያናግሩት። ከዚያ ወዲህ ስምህን አላነሱም።

አሁን የእኔን ልንገርህ። ተናድጄብሃለሁ። ማንበብ ሳትችል «ልብ ብለሽ አንብቢ» ያልከኝን ሳስታውስ ወረቀቱን እቀደዋለሁ እላለሁ። ግን ደግሞ አንተ በሩቅ ሆነህ ረሳህ፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ እስሩን በእጄ አስሬ አቀበልኳት። ይመርራል ስትለኝ ትፊው አልኳት። አባባ በጓንቷ ሳቁ። መጽናኛ እንዲሆንህ አይደለም የምነግርህ፤ እንዲህ ስለሆነ ነው። እኔም ሌት ተቀን ይሄንኑ ነው የማወጣ የማወርደው።

ባሮው አሁንም ቆሟል። ይህን መጻፍ ያስጠላኛል፣ ግን እንዲህ ያማረ ባሮ አይቼ አላውቅም። አባባ ማንንም አያስነኩም፤ በየጠዋቱ እየወጡ አፈር ያስታቅፉታል፣ ውሃ ያጠጡታል፣ አይበሉትም፣ አይሸጡትም። ጡብ ሠሪው መጥቶ ነበር፣ ከአጥሩ መለሱት። የልብስ ሰፊው ሚስት ሁለት ቀን አስመልሷት ድናለች፤ ቆርቆሮውን ለነርሷ ስላሳየናት መርፌውን ሰጥታታለች። አሁን ሰላም ትለኛለች።

የሐምሌ 23ቱ ደብዳቤህም ደርሷል። ላነብላቸው ብዬ ስከፍተው እጃቸውን አነሱና «ለእኔ የተጻፈ ነው?» አሉ። ለእኔ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው አልሰማውም» አሉ።

በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ ብለሃል። ለአባባ ለብቻቸው ጻፍላቸው። እኔ ነኝ የማነብላቸው፤ አንድ መስመር አልዘልልህም።

እህትህ